ሄደ፣ መጣ

ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣ ከሁለተኛው ፈረቃ፣
ሞተር ስጠመጥም አምሽቼ፣ ጣቴ ደንዝዛ፣ ደርቃ፣
ቤት ስገባ ጨለማ ነው፤ ቦርከና ማዶም ጨለማ፤
የጋሽ ይመር ወፍጮ እንኳ ድምፁ ሳይሰማ።

«መብራት ሄደ» አለች እህቴ፣ ሻማ በኩባያ ለማቆም እየታገለች።
ሉብና ስድስት ዓመቷ ነው፤ «የት ሄደ?» አለች።

ማንም አልመለሰላት።
አባቷ ስልኩን ያባብላል፤ አራት በመቶ ነው የቀረው፤
እኔም ራቴን እጠብቃለሁ። ለደከመው ሰው የልጅ ጥያቄ ዝንብ ነው፤
እፍ ሲሉት ይነሳል፣ ዞሮ የሚያርፈው እዚያው ነው።

ልጅቷ ግን አሰበች፣ በራሷ አማርኛ፦
ሄደ ከተባለ እግር አለው፣ እንደ እንግዳ፣ እንደ መንገደኛ።
ሲመጣስ ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ይጮህለት የለ?
እንግዲያው የሚገባበት በር፣ የሚተኛበት ክፍል አለ።
በሩንም ታውቀዋለች፤ ከቴሌቪዥኑ ስር፣ ግድግዳው ላይ፣
ሁለት ክብ ቀዳዳ፣ እንደ ዓይን ትክ ብሎ የሚያይ።

አምባሯን ከእጇ አወለቀች። የመዳብ ሽቦ ነው፣ እኔው ያመጣሁላት፣
ከተቃጠለ ሞተር የተረፈ፣ ጠምዝዤ ለኢድ ያሰርኩላት።
ዘረጋችው፣ አቃናችው፣ በጨለማው ተንበረከከች፤
«እዚህ ካለህ ውጣ» ብላ ወደ ቀዳዳው ላከች።

መዳቡ በሻማው ብልጭ ሲል ነው ያየሁት።
እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ሳህን ረገጥኩ።
ትከሻዋን ይዤ ወደ ኋላ ሳብኳት፤ ሁለታችንም ወደቅን።
ያኔ
ፍሪጁ አጓራ።
አምፖሉ በራ።
ውጪ የሰፈር ልጆች በአንድ አፍ፦ «መጣ!»

ሽቦው በኔና በሷ መሃል፣ ወለሉ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ተኝቷል።
«አብሽሪ፣ አብሽሪ» ትላለች እህቴ፤ ለማን እንደሆነ ጠፍቷታል።

«ስሚኝ» አልኳት። ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ቁጣ ይሁን ፍርሃት አልለየሁ።
«ከሩቅ ነው የሚነሳው። ገደል ሙሉ ውሃ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ፣
የብረት መዘውር ሲያሾር፣ መቶ የጋሽ ይመርን ወፍጮ የሚያክል።
እዚያ ይወለዳል። ነፋስም ይወልደዋል፣ ባለ ሦስት ክንፉን ሲያንከባልል።
ፀሐይም፤ ያ ጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ ያለው ሰማያዊ መስታወት
ቀኑን ሙሉ የሚጠባው ብርሃን ነው፤ ማታ የሚሰጠው መብራት።
ከዚያ በብረት ግንቦች ትከሻ፣ ከተራራ ተራራ ይሮጣል፤
ገና ዓይንሽ ሳይርገበገብ ኮምቦልቻ ይመጣል።

ግን ዕውር ነው፣ ሉብናዬ። ያንቺን ጣት ከአምፖል አይለይም።
አይጠላሽም፣ አይወድሽም፤ ‹ልጅ ናት› ብሎ አያዝንም።
መንገድ ብቻ ነው የሚሻው። መዳብ መንገዱ ነው፤ ሚስማር፣ ማንኪያ፤
ውሃም፤ ለዚህ ነው በእርጥብ እጅ የማይነካው ማብሪያ ማጥፊያ።
አንቺም መንገድ ነሽ። እኔም።
ቆዳው የተላጠ ገመድ ካየሽ እናትሽን ጥሪ፣ አትንኪ፤
ነፋስ የጣለው ሽቦ መንገድ ዳር ቢጋደም፣ የሞተ የሚመስል እባብ ነው፤ ሽሺ እንጂ አትታከኪ።
‹ሄደ› ብንልሽም አትመኚ፤ ሲመለስ በር አያንኳኳም።»

ዝም ብላ ቆየች።
«ታዲያ እናንተ ለምን ‹ሄደ› ትላላችሁ?» አለች።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እህቴ የሳህኑን ስባሪ ትጠርግ ነበር፤
ትስቅ ይሁን ታልቅስ እንጃ፣ ትከሻዋ ይነቃነቅ ነበር።

በማግስቱ ሶኬቱን በክዳን ደፈንኩት።
ከፋብሪካውም ፈትል አመጣሁ፤ ቀይና አረንጓዴ፣ ከወለል የተለቀመ፤
እንደ ሹሩባ ጎነጎንኩት፣ በመዳቡ ፈንታ በእጇ ተጠመጠመ።
አገላብጣ አየችው።
«አጎቴ፣ ይኼ መንገድ ነው?»
«አይደለም» አልኳት።
በሶኬቱ ፊት ስታልፍ ግን
እጇን ከኋላዋ ደብቃ አለፈች።